እቴጌ ጣይቱና ያልተጠየቀው ጥያቄ

የእቴጌ ጣይቱን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም። የካቲት በገባ ቁጥር ስማቸው ይነሳል። አዲስ አበባን የቆረቆሩ፣ በውጫሌ ውል ላይ ፊት ለፊት የተከራከሩ፣ መቀሌ ላይ የጠላትን ውኃ ያስያዙ ጀግና እየተባሉ ይወደሳሉ። ይህ ሁሉ ተወርቶ ሲያበቃ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትከተላለች። ልጅ አልወለዱም ትላለች። ከዚያ በኋላ አራት ነጥብ። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔን ያስቸገረችኝ ይህች አራት ነጥብ ናት። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ነገር አንድ መልስ ሲሰጥ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ለምን የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ጥፋቱ የሴትየዋ ነው ተብሎ ተዘግቷል። ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ዛሬም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለም ልጅ ያልወለደች ሴት የሚፈረድባት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የእቴጌይቱን ሕይወት በአጭሩ አወጋለሁ፤ ቀጥዬ በመራቢያ አካላት ላይ የሚደርሱ የባክቴሪያ ሕመሞች መውለድንና እርግዝናን እንዴት እንደሚጎዱ አስረዳለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰው መመርመር አይቻልምና እቴጌይቱ ይህ ወይም ያ በሽታ ነበረባቸው አልልም። የእኔ ጉዳይ ከፍርዱ ጋር ነው።

ከሰሜን እስከ አንኮበር

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ ውስጥ ሲሆን ወገናቸው ከትልቅ ቤት ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። በዘር ሐረግ ከየጁ መሳፍንትም ይወለዳሉ። የአጤ ቴዎድሮስ ባለቤት የነበሩት እቴጌ ጥሩወርቅ የውቤ ልጅ ስለሆኑ ለጣይቱ የአጎታቸው ልጅ ናቸው። እንግዲህ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቤተ መንግሥትን ነገር፣ መሾምና መሻርን፣ እስራትና ስደትን እያዩ ነው ያደጉት። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ የሆነውን ንባብና ጽሕፈት ተምረዋል። በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበርም ይነገራል።

ዳግማዊ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ትዳር መሥርተዋል። ይህ ለጊዜው ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። የመኳንንት ትዳር የፖለቲካ ውል ነበር፤ ጦርነት ሲነሳ ይፈርሳል፣ ዕርቅ ሲመጣ ሌላ ይሠራል። ባልም ቢሆን ዘመቻ በሄደበት ሁሉ ሌላ ቤት ነበረው። ከእነዚያ ትዳሮች ጣይቱ ልጅ አላገኙም። በ1875 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። በቁርባን መጋባት ማለት እንግዲህ መፍረስ የለም ማለት ነው። ሁለቱም የሠላሳዎቹን ዕድሜ የያዙ፣ ሁለቱም ብዙ ያዩ ሰዎች ነበሩ።

ምኒልክ ከዚያ በፊት ከሌሎች ሴቶች ልጆች ወልደዋል። ሸዋረጋና ዘውዲቱ ይታወቃሉ፤ አስፋ ወሰን የሚባል ወንድ ልጅም ነበራቸው፤ እሱ ግን በልጅነቱ ሞተ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰው ሁሉ ሒሳቡን የሠራው። እሳቸው ወልደዋል፣ እሷ አልወለደችም፣ ስለዚህ መካኗ እሷ ናት። ሒሳቡ ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ሆኖም አንድ ሰው ቀድሞ መውለዱ በሌላ ጊዜ፣ ከሌላ ሰው ጋር መውለድ ለመቻሉ ማስረጃ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዙፋን፣ ዓድዋና አዲስ ዓለም

በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ወርደው ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ማዕረጋቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ ነበር። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነገር ሲገለጥ ከጣሊያን መልእክተኛ ጋር ተከራክረው ያልበገሩት እሳቸው እንደነበሩ የታወቀ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ሲዘመት የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ። መቀሌ ላይ ምሽግ የያዘውን የጣሊያን ጦር ከምንጩ እንዲለይ ያደረገው ምክር የእሳቸው ነበር። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ሴቶችን አስተባብረው ለተዋጊው ውኃ ሲያቀርቡ፣ ቁስለኛ ሲያስነሱ ዋሉ።

ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው አዲስ ዓለም ነው። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ማገዶ አለቀባትና ቤተ መንግሥቱ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ታሰበ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲመጣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለው ኮረብታ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ኋላ ባሕር ዛፍ መጣና አዲስ አበባን ከመነቀል አዳናት። የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ተለውጦ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ከአምቦ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያ ኮረብታ ግርጌ ያልፋል።

ያለ ልጅ የተያዘ ሥልጣን

እቴጌይቱ ብልህ ነበሩና ልጅ አለመውለዳቸው በሥልጣናቸው ላይ ያለውን አደጋ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጆች እንደ ልጆቻቸው አድርገው በጋብቻ መረብ ዘረጉ። ጉግሣ ወሌን ለዘውዲቱ ዳሩ። ከፋይ ወሌን ለራስ መንገሻ ዮሐንስ ሰጡ። የከፋይ ልጅ ሮማነወርቅ ደግሞ በ1901 ዓ.ም. ለልጅ ኢያሱ ታጨች። አስቡት፤ ሌላዋ እናት በአንድ የአብራክ ክፋይ የምታገኘውን ቦታ እሳቸው በሦስትና በአራት ጋብቻ ሊገዙት ነበር የፈለጉት።

አልሆነም። ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ሲወድቁ መንግሥቱን ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው አድርገው መርተዋል። ግንቦት 1901 ዓ.ም. ግን የሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ታወጀ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ ሥራቸው ባልን ማስታመም ብቻ ይሁን ተባለ። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ የሰሜን ሰው ናቸው ይባል ነበር፣ ሹመት ለዘመድ ያደላሉ ይባል ነበር። ነገር ግን የአልጋ ወራሽ እናት ቢሆኑ ኖሮ ያን ያህል በቀላሉ ይገፏቸው ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። በኋላ አፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በኣታ ከባለቤታቸው ጎን ዐርፏል። ንግሥት ዘውዲቱም በ1922 ዓ.ም. ሲያርፉ በሕይወት ያለ ልጅ አልተዉም። እንዲያውም የእቴጌ ጣይቱ ሕመም ነው የሚባለው ነገር የአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘመን ችግር ይመስላል።

ያ ዘመን ምን ያውቅ ነበር?

ነገሩን በዘመኑ ዕውቀት እንመዝነው። ጨብጥ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፤ ከአንኮበሩ ሠርግ አራት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ። የቂጥኝ ባክቴሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የክላሚዲያ ምልክት በአጉሊ መነጽር የታየው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን ለሕመምተኛ በሰፊው የደረሰው በ1940ዎቹ ውስጥ ነው። እቴጌይቱ ደግሞ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በአገራችንም ከዓድዋ በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ሲከፍቱ እቴጌይቱ የመውለጃ ዕድሜያቸው እያለፈ ነበር።

በሽታው ግን ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች ቂጥኝ በአገሪቱ በብዛት እንደሚታይ ጽፈዋል። ጦር ሠራዊት ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል፣ ትዳር ቶሎ ይሠራል ቶሎ ይፈርሳል፣ መድኃኒት የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጅ ያጣ ቤት ቢበዛ አይገርምም። የሚገርመው ፍርዱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ መውደቁ ነው።

ዝምተኛው ጠላት

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። በማሕፀን ግራና ቀኝ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት ቱቦዎች አሉ። ውስጣቸው በጣም ጠባብ ነው፤ በጥቃቅን ፀጉሮች ተሸፍኗል። የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር የሚገናኙት እዚያ ውስጥ ነው፤ ፀጉሮቹም የተፀነሰውን ገፋ ገፋ እያደረጉ ወደ ማሕፀን ያደርሱታል። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲተላለፍ መጀመሪያ የሚያርፈው በማሕፀን በር ላይ ነው። ሳይታከም ሲቀር ወደ ላይ ይወጣል፤ ማሕፀንንና ቱቦዎቹን ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ፀጉሮቹን ያጠፋል፣ ቱቦውን ያጠባል ወይም ጨርሶ ይደፍነዋል። ቱቦው ከተደፈነ እንቁላልና ዘር አይገናኙም። በከፊል ከጠበበ ደግሞ የተፀነሰው መንገድ ላይ ይቀርና ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ይሆናል። ይሄኛው ሲፈነዳ ብዙ ደም ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ሆስፒታል ካልተደረሰ ይገድላል።

ክላሚዲያን አደገኛ የሚያደርገው ዝምታው ነው። ከተያዙ 100 ሴቶች ውስጥ 70 ያህሉ ምንም ምልክት አያዩም። አያማትም፣ አያቃጥላትም፤ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትማራለች። ካልታከሙት ውስጥ ከ100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ማሕፀንና ቱቦን ያቆስላል። የሚገርመው ይኸው የባክቴሪያ ዝርያ በአገራችን ገጠር ብዙ ሰው የሚያሳውረው የዓይነ ማዝ ዘመድ መሆኑ ነው። ዓይን ላይ ጠባሳ እየተወ እንደሚያሳውር ሁሉ ቱቦም ላይ ጠባሳ እየተወ ያመክናል።

በስዊድን አገር ብዙ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቷል። የማሕፀንና የቱቦ ቁስለት አንድ ጊዜ ብቻ ከደረሰባቸው ሴቶች ከ100 ስምንት ያህሉ በቱቦ መዘጋት ምክንያት መውለድ አቃታቸው። ሁለት ጊዜ የደረሰባቸው ወደ 20 ከፍ አሉ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ደግሞ 40 ደረሱ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ቶሎ መታከምና ሕመሙ እንዳይደገም ማድረግ ዕድልን ይጠብቃል። መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የተሠራውን ጠባሳ አይፍቅም፤ ስለዚህ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

በግብረ ሥጋ የሚተላለፉት ብቻ አይደሉም። ንጽሕና በጎደለው ወሊድ ወይም ውርጃ ጊዜ የሚገቡ ባክቴሪያዎችም ቱቦ ይደፍናሉ። አንድ ወልዳ ከዚያ በኋላ ነጠፈች የምንላት ሴት ብዙ ጊዜ ታሪኳ ይሄ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም በደም ተጉዞ ቱቦ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም እርግማን አይደለም፤ አንዱም የጥንቆላ ሥራ አይደለም።

ካረገዙም በኋላ

አንዳንዱ ባክቴሪያ መፀነስን አይከለክልም፤ የተፀነሰውን ግን ይጎዳል። ዋናው ቂጥኝ ነው። ነፍሰ ጡሯ ካልታከመች ባክቴሪያው በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ወይም ቂጥኝ ይዞ መወለድ ይከተላል። በየጊዜው ታረግዛለች ግን አይቀርላትም የምትባል ሴት በየሠፈሩ አለች። ለዚህ ምርመራው አንድ ጠብታ ደም ነው፤ መድኃኒቱ በመርፌ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው። ልጁን በሚገባ ለመጠበቅ ግን ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መታከም አለባት። የእርግዝና ክትትል በጊዜ ይጀመር የሚባለው ለዚህ ነው።

ጨብጥና ክላሚዲያ በወሊድ ሰዓት ወደ ሕፃኑ ዓይን ይተላለፋሉ። ጨብጡ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ላይ የሚቀባለት ቅባት ለዚህ ነው። የብልት ተፈጥሯዊ ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚመጣው መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽም ያለ ጊዜ ከመውለድ ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ለሴት እህቶቻችን አንድ ምክር አለኝ። ብልትን ወደ ውስጥ በሳሙና ወይም በሌላ ነገር መታጠብ ንጽሕና አይደለም፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጥባልና ነገሩን ያብሳል። የሽንት ቧንቧ ሕመምም ቢሆን በእርግዝና ጊዜ ቀላል ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ምጥም ያመጣል።

ወንዱስ?

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር መጣሁ። ያደግሁበት ሠፈር አንዲት ሴት ነበረች። ስድስት ዓመት ትዳር ላይ ቆየችና ልጅ አልመጣም። ጸበሉም፣ ስለቱም፣ አቴቴውም ተሞከረ። የተሞከረው ሁሉ ግን በእሷ ላይ ብቻ ነው፤ እሱን ና ተመርመር ያለው አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ ፈታትና ሌላ አገባ። ሁለተኛዋም አልወለደችም። የመጀመሪያዋ ጉደር ወርዳ ሌላ ባል አገባች፤ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። ሠፈሩ ይህን ሁሉ እያየ ያንን ሰውዬ መካን ብሎ አልጠራውም። ቃሉ ራሱ ለሴት ብቻ የተሰፋ ይመስላል።

ባክቴሪያው ግን ፆታ አይለይም። ጨብጥና ክላሚዲያ በወንድ ላይ ከሽንት ቧንቧ ተነስተው የዘር ፍሬ ወደሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ይደርሳሉ። እዚያም ቁስልና ጠባሳ ይተዋሉ፤ በሁለቱም በኩል ከተደፈነ ዘር አይወጣም። ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ግንኙነትም ይችላል፣ ግን አያስረግዝም። ከዚያ በፊት አምስት ወልዶ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ መውለድ ማስረጃ አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው። ባለሙያዎች እንደሚሉት መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ከሴቷ የቱቦ ምርመራ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው። አንድ ብልቃጥና አጉሊ መነጽር ነው የሚፈልገው። ታዲያ ለምን በከባዱ እንጀምራለን?

ሌላም ነገር አለ። አንዷ ታክማ ሌላው ካልታከመ ባክቴሪያው ከቤት አይወጣም። እሷ ትድናለች፣ በሳምንቱ ይመልስላታል፤ በያንዳንዱ ዙር ጠባሳው ይጨምራል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ባልሽን ይዘሽ ነይ የሚባለው ለማሳፈር አይደለም። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ መተውም እንዲሁ ነው። ጨብጥ በዚህ ዓይነት አጠቃቀም ብዙ መድኃኒቶችን ለምዷል፤ ድሮ ያድኑት የነበሩት ዛሬ አይሠሩበትም።

እኛ ምን እንጻፍ?

አምቦ የውኃ አገር ናት። ፍል ውኃችን ድካም ያወጣል፤ ቁርጥማት ላለበትም ደስ ይላል። እቴጌ ጣይቱም ፍል ውኃ ይወዱ ነበር። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ እምነት የማንም መብት ነው፤ አቴቴም ከእናቶቻችን የወረስነው የልጅ ልመና ነው። ግን የተደፈነ ቱቦ በሙቅ ውኃ አይከፈትም። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2023 ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ልጅ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። በአፍሪካ ደግሞ ከሌላው ዓለም ይልቅ በሕመም የሚደፈን ቱቦ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ ማለት ብዙው ነገር መከላከል ይቻል ነበር ማለት ነው። በኮንዶም፣ በጊዜ ምርመራ፣ ንጹሕ በሆነ ወሊድ፣ ባልና ሚስትን አብሮ በማከም።

አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ አብረው ኖረው ልጅ ያልመጣላቸው ሁለቱም አብረው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር ይበቃል። የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ከወር አበባ ውጭ መድማት ከታየ ግን አንድ ቀንም መጠበቅ የለም። ቱቦው ለተደፈነባቸውም ቢሆን ዛሬ ነገር ሁሉ አላለቀም። እቴጌይቱ ካረፉ ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን በእንግሊዝ ተወልዳለች። ሕክምናው ዛሬ በአዲስ አበባም ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ለብዙው ሰው ሩቅ ነው። ለዚህም ነው መከላከሉ የሚሻለው።

ለእኛ ለጽሑፍ ሰዎች የሚቀረው ሥራ ቀላል አይደለም። ነገ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም ጋዜጣ ስንቀጠር ልጅ ስለሌላት ሴት እንጽፋለን። ያኔ መካን የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ምርመራ ተደርጓል ወይ? ሁለቱም ተመርምረዋል ወይ? ምክንያቱ ምን ተባለ? መልሱ ካልተገኘ ቃሉን እንተወው።

እቴጌ ጣይቱ አንድ ከተማ ቆርቁረዋል፣ አንድ ጦር መርተዋል፣ አንድ መንግሥት አቁመዋል። በመጨረሻ የተገፉት ግን አንድም ሐኪም ባልመረመረው፣ አንድም ሰው ለምን ብሎ ባልጠየቀው ነገር ጭምር ነው። ለእሳቸው አሁን የምናደርግላቸው ሕክምና የለም። በእሳቸው ላይ የተፈረደው ፍርድ ግን ዛሬ ማለዳ ጊንጪ ጤና ጣቢያ በር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ተራ በምትጠብቅ ሴት ላይ እንዳይደገም ማድረግ እንችላለን። ባሏ አጠገቧ ይቀመጥ።